ሜፕልዉድና የሕዝብ ትምህርት ቤቷ

በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ከሴንት ፖል ከተማ በስተ ሰሜን ተነሥታ ወደ ምሥራቅ ታጥፋ በማእዘን መልክ የተዘረጋችው ሜፕልዉድ፣ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከ42,000 የሚበልጥ ነዋሪ የተቈጠረባት፣ የታወቀው የስሪ ኤም ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝባት፣ የራሷ ከንቲባና የራሷ ምክር ቤት ያላት ከተማ ስትሆን፣ በስሟ የሚጠራ መደበኛ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን የላትም። ከልጆቿ የሚበዙት የኖርዝ ሴንት ፖልን፣ የሜፕልዉድንና የኦክዴልን ስም አጣምሮ በያዘው፣ ቍጥሩም 622 በሆነው የትምህርት ወረዳ ሥር ሆነው፣ በኖርዝ ሴንት ፖል ወዳለው ወደ ኖርዝ ወይም በኦክዴል ወዳለው ወደ ታርታን ይሄዳሉ፤ የምዕራቡ ጫፍ ልጆች ወደ ሮዝቪል፣ የሰሜኑ ጫፍ ልጆች ወደ ኋይት ቤር ሌክ ይጓዛሉ። ከአገራችን ከኢትዮጵያ መጥቶ በዚህ ሰፈር ቤት የገዛ ሰው፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ከንቲባ እየመረጠ ልጆቻቸው ግን በተለያየ ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ሲሰማ መገረሙ አይቀርም። ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ለተከተለው ነውና፣ ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እየጠቀስን በቅደም ተከተል እንተርከዋለን።

ምድሪቱ አስቀድሞ የዳኮታ ሕዝብ ነበረች። በ1837 የዳኮታ አለቆች ዋሽንግተን ድረስ ተወስደው፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለውን ርስታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት በለቀቁበት ውል ምክንያት ለነጮች ሰፈራ ተከፈተች፤ ርስት ማለት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህን ውል ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ ሐሪየት ቢሾፕ የምትባል ወጣት መምህርት፣ ገና ጥቂት የንግድ ጎጆዎች ብቻ ወደነበሩባት ወደ ሴንት ፖል መጣች፤ ትምህርቱንም የጀመረችው ቀድሞ የአንጥረኛ መሥሪያ በነበረች፣ ግድግዳዋ በጭቃ በተመረገ የግንድ ጎጆ ውስጥ ነበር። ከተማሪዎቿ የሚበዙት ከዳኮታና ከፈረንሳይ ዘር የተወለዱ ስለ ነበሩ፣ እንግሊዝኛውም ለብዙዎቹ እንግዳ ስለ ነበረ፣ ከመካከላቸው ሦስቱንም ቋንቋ የምታውቅ አንዲት ልጃገረድ በመምህርቷና በጓደኞቿ መካከል ቆማ ታስተረጕም ነበር። የሚኒሶታ ትምህርት ቤት የተወለደው እንግዲህ በአስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚዪቱም ራሷ ተማሪ ነበረች።

በ1849 የግዛቲቱ ሸንጎ ትምህርት ቤት ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 21 ዓመት ለሆኑት ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲከፈት ደነገገ። በ1858 ሚኒሶታ በክፍለ ሀገርነት ስትቆም፣ ሕገ መንግሥቷን የጻፉት ሰዎች ሕዝባዊ አስተዳደር ጸንቶ የሚኖረው በሕዝቡ ዕውቀትና ማስተዋል መሆኑን መሠረት አድርገው፣ ለሁሉ እኩል የሆነ የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት ማቆም የሸንጎው ግዴታ እንዲሆን በአንቀጽ አሰፈሩት። በዚያው ዓመት ዛሬ ሜፕልዉድ የምትባለው ምድር ኒው ካናዳ በተባለ የገጠር አስተዳደር ሥር ገባች፤ ስሙም ከሰሜን የወረዱትን የፈረንሳይ ካናዳውያን ሰፋሪዎች ያስታውሳል። በ1880ዎቹ የባቡር ሐዲድ መጥቶ፣ በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ግላድስቶን የተባለች ትንሽ የፋብሪካ መንደር ተቈረቈረች፤ የቀረው ሁሉ ግን እርሻ ነበረ፤ እርሻም ሆኖ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቈየ።

የገበሬው ልጅ የሚማረው በአንዲት ክፍል፣ በአንዲት መምህርት፣ በአንድ የእንጨት ምድጃ ዙሪያ ነበር፤ ስምንተኛውን ክፍል ሲፈጽም ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ወደ ከተማ መሄድ ነበረበት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የባለጠጋ ልጅ ጌጥ ነው ወይስ የሕዝብ ሁሉ ገንዘብ የሚለውም ጥያቄ በመላው አሜሪካ ያከራክር ነበር። በ1874 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካላማዙ ከተማ ግብር ከፋዮች ክስ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ አንድ የትምህርት ወረዳ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግብር መሰብሰብ እንደሚችል ወሰነ፤ ሌሎች ክፍላተ ሀገርም ይህንኑ ፍርድ እያዩ ተከተሉ። ፍርዱ በሕግ መጽሐፍ ላይ ይጻፍ እንጂ፣ የአንዲቱ ክፍል ትምህርት ቤት በገጠሩ ዘንድ ብዙ ዘመን ሰነበተች፤ በ1947 ሸንጎው ወረዳዎች እንዲዋሐዱ የሚያግዝ ሕግ ባወጣበት ጊዜ እንኳ በሚኒሶታ ከ7,000 የሚበልጡ የትምህርት ወረዳዎች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት ከ330 ብዙ አይበልጡም።

ለውጡን ያፋጠነው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማለቁ ነው። ከግንባር የተመለሱት ወታደሮች ቤተሰብ መሥርተው፣ በመንግሥት ዋስትና በተገኘ ብድር ከከተማው ዳርቻ ቤት ሠሩ። በ1939 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፍራንክ ሳይር የሰበሰበው ጉባኤ የተማሪ ማመላለሻ አውቶቡስ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቢጫ ቀለም እንዲቀባ ተስማምቶ ስለ ነበር፣ ያ ቢጫ አውቶቡስ አሁን ሦስት መንደር አቋርጦ ልጆችን ወደ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ማድረስ ቻለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ፣ በ1902 የተቋቋመው የስሪ ኤም ኩባንያ ከሴንት ፖል ወጥቶ የምርምር ቤቱንና ጽሕፈት ቤቶቹን በዚህ የእርሻ ምድር ላይ መሥራት ጀመረ። አጎራባች ከተሞች እየቈረሱ መሬቱን ሊወስዱት ስለ ነበረ፣ የኒው ካናዳ ሰዎች በ1957 ሜፕልዉድ በሚል ስም ራሳቸውን ችለው ቆሙ። ያ ከመሆኑ አስቀድሞ ግን የትምህርት ወረዳው ድንበር ተሰምሮ ነበር፤ ከተማዪቱ የራሷ የሆነ ትምህርት ቤት ሳይኖራት ከጎረቤቶቿ ጋር ተጋርታ የቀረችውም በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ይህ የሚያሳዝን ነገር አይደለም፤ ሦስት ከተሞች ስለ ልጆቻቸው ሲሉ በአንድ ቦርድ እንዲቀመጡ ያስገደዳቸው በጎ አጋጣሚ ነውና።

በዚያው በ1957፣ በኦክቶበር ወር፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ሰደደች፤ አሜሪካም በትምህርቷ እንደ ተቀደመች አስባ ደነገጠች። በ1958 የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፣ ለሒሳብ፣ ለውጭ ቋንቋና ለተማሪ አማካሪዎች ገንዘብ አፈሰሰ። በእነዚሁ ዓመታት በሜፕልዉድ ምድር ላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ትምህርት ቤቶችን አቆመች፤ በ1958 የቤኔዲክት ማኅበር ደናግል ለልጃገረዶች የሊቀ ጳጳስ መሬይን መታሰቢያ፣ በ1959 የክርስቲያን ወንድሞች ማኅበር ለወንዶች ሂልን ከፈቱ። የሕዝቡ ትምህርት ቤት ከእነዚህ የሚለየው በር ላይ ማንንም ባለመምረጡ ነበር። አንባቢ በአዲስ አበባ ዳርቻ በኮተቤ በ1943 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስታውስ ይሆናል፤ እርሱ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡትን ልጆች አሳድሮ የሚያስተምር፣ ለአገሪቱም ብዙ ሊቃውንትና ሹማምንት ያፈራ ነበር፤ በዚህኛው ዳርቻ ያለው ግን በወረዳው ድንበር ውስጥ ያደረውን ልጅ ሁሉ፣ ጎበዙንና ደካማውን፣ የኢንጂነሩንና የጥበቃውን ልጅ፣ ሳይጠይቅ የሚቀበል ነበር። ሁለቱም የየዘመናቸውን ግዳጅ ፈጽመዋል፤ ልቤ ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል።

የሕንፃው አሠራርም ከዚህ ዐሳብ የተወለደ ነው። የቀድሞዎቹ የከተማ ትምህርት ቤቶች ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ፣ በጠባብ መሬት ላይ የቆሙ፣ ደረጃቸው ትልቅ፣ ግንባራቸው ቤተ መንግሥት የሚመስል ነበሩ። በ1940 ከቺካጎ በስተ ሰሜን በዊኔትካ መንደር ሁለቱ ሳሪነኖች፣ አባትና ልጅ፣ ከሌሎች አርክቴክቶች ጋር የሠሩት የክሮው አይላንድ ትምህርት ቤት፣ በምድር ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ፣ መስኮቱ በልጅ ቁመት ልክ የተከፈተ፣ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ዐጸዱ የሚያስወጣ የራሱ በር ያለው ሆኖ በመታየቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ በየዳርቻው የተሠሩት ትምህርት ቤቶች ያንን አርአያ ተከተሉ፤ መሬቱም ገና ርካሽ ስለ ነበረ ሕንፃው ወደ ጎን ሰፋ፣ ዙሪያውም የእግር ኳስና የቤዝቦል ሜዳ፣ የሩጫ መም፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። የቤተ ክርስቲያናችንን አሠራር የሚያውቅ ሰው፣ ቅኔ ማሕሌቱ ለሕዝቡ ሁሉ ክፍት ሆኖ ቅድስቱና መቅደሱ ደረጃ በደረጃ እየተከለሉ እንደሚሄዱ ሁሉ፣ እዚህም የስፖርት አዳራሹ፣ የቴአትር አዳራሹና የመመገቢያው ስፍራ ከመግቢያው አጠገብ ለሕዝብ የተሰጡ መሆናቸውን፣ የመማሪያ ክፍሎቹና ቤተ ሙከራዎቹ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብለው ጸጥታ እንዲያገኙ መደረጋቸውን ያስተውላል። ቀን የተማሪ የነበረው ሕንፃ ማታ የሰፈሩ ይሆናል፤ በወረዳው ቤቶች ውስጥ አዋቂዎች እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ልጃቸውን ጠዋት በአውቶቡስ ሸኝተው ማታ ራሳቸው ደብተር ይዘው የሚቀመጡ ወላጆች አሉ።

በፌብሩዋሪ 1962 ጆን ግሌን ምድርን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ በሜፕልዉድ ያለው የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓድ መምህራን አዲስ አበባ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ እንዲህ ባሉ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ወጣቶች በጎንደርና በደሴ ጥቍር ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ሁለቱን አገሮች ያገናኘ ሌላም ነገር አለ። ስሪ ኤም የፈረስ ወዳጅ በነበረው በሊቀ መንበሩ በዊልያም ማክናይት ዘመን መጀመሪያ ለፈረስ ሩጫ ታስቦ የነበረ፣ ዝናብ የማያጨቀየው የላስቲክ መም ሠርቶ ታርታን ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የተሮጠው በዚሁ መም ላይ ነው። ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ብር ያገኘው በእርሱ ላይ ሲሆን፣ ከሳምንት በኋላም አበበ ቢቂላ በሕመም ባቋረጠው ማራቶን ቀድሞ ወደ ስታዲየሙ ገብቶ ወርቁን ያረጋገጠው በዚያው ላይ ነው። ዛሬ ልጆቻችን የሚማሩበት የኦክዴሉ ትምህርት ቤት በዚሁ ስም መጠራቱን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከዘመናቱ ሁሉ ግን ረዘም አድርጌ ልቆምበት የምወደው 1971 ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች ይኖሩ የነበሩት በአብዛኛው ከቤትና ከመሬት በሚሰበሰብ የአካባቢ ግብር ነበር፤ ስለዚህ ትልቅ ኩባንያ የቆመበት ወረዳ በቀላል ግብር ብዙ ገንዘብ ሲያገኝ፣ ቤት ብቻ ያለበት ጎረቤቱ ነዋሪውን በከባድ ግብር አስጨንቆ እንኳ ከእርሱ እኩል መሆን አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ሥልጣን የያዘው አገረ ገዥ ዌንዴል አንደርሰን፣ በሴንት ፖል ምሥራቃዊ ሰፈር ያደገ፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በ1956 ኦሊምፒክም ለአገሩ በበረዶ ሆኪ ተጫውቶ የብር ሜዳይ ያገኘ የ37 ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ሸንጎው ከወራት ክርክር በኋላ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ከትምህርት ወጪ የሚሸከመውን ድርሻ ከግማሽ በታች ከነበረበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከፍ የሚያደርገውን ሕግ አወጣ፤ ሰዎቹም የሚኒሶታ ተአምር ብለው ጠሩት። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ በሁለቱ ከተሞች፣ በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ፣ ዙሪያ ባሉት ሰባት አውራጃዎች ከንግድና ከኢንዱስትሪ ንብረት የሚገኘው የግብር መሠረት ካደገ፣ ከዕድገቱ 40 በመቶው ወደ አንድ ቋት ገብቶ ለሁሉም እንዲከፋፈል አዘዘ። ይህ ማለት አንድ ፋብሪካ በአንድ ከተማ ቢሠራ ፍሬው ፋብሪካ ለሌላት ከተማም ይደርሳታል ማለት ነው። የተቃወሙት ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውት ነበር፤ ሕጉ ግን ጸና።

በዚሁ በ1971 ታርታን በኦክዴል ተከፈተ፤ በዚሁ በ1971 የካቶሊኮቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሂል-መሬይ በሚል ስም አንድ ሆነው ወንዶችና ሴቶች አብረው መማር ጀመሩ። ሕንፃውና ሕጉ በአንድ ዓመት መምጣታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሆኖም በእኔ ግምት ከጡቡ ይልቅ ሕጉ ይበልጣል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ልጆች የአባቶቻቸው ቤት ዋጋ ምንም ያህል ቢራራቅ በአንድ መምህር፣ በአንድ ዓይነት ማይክሮስኮፕ እንዲማሩ ያደረገው እርሱ ነውና። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የመንግሥቱ ድርሻ ከዋጋው መወደድ ጋር እኩል ባለመራመዱ፣ ወረዳዎቹ በየጊዜው ወደ ሕዝቡ ቀርበው ተጨማሪ ግብር በድምፅ ያስወስናሉ፤ የመኖሪያ ወረቀት ብቻ ያለው ወገናችን በዚህ ድምፅ መስጠት አይችልም፣ ግብሩን ግን በቤቱ ወይም በኪራዩ በኩል ይከፍላል።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት በሩን ይበልጥ አሰፉት። በ1972 የወጣው ሕግ በትምህርት ቤት ውስጥ በፆታ ማበላለጥን ከለከለ፤ ለወንዶቹ በ1945 በሴንት ፖል የተጀመረው የክፍለ ሀገሩ የሆኪ ውድድር ለሴቶች ልጆችም በ1995 ተጀመረ፤ ሚኒሶታም በዚህ ከክፍላተ ሀገሩ ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ክስ ላይ፣ የማያውቁትን ቋንቋ ለሚሰሙ ልጆች እኩል መጽሐፍ መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ ፈረደ፤ በ1975 ደግሞ የአካልና የአእምሮ ጕዳት ያለባቸው ልጆች ሁሉ የሚማሩበት ሕግ ወጣ። ሕጎቹ በወጡበት ሰሞን ከላኦስ የተሰደዱት የህሞንግ ሰዎች በሴንት ፖል ምሥራቅ መስፈር ጀመሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ወደ ሜፕልዉድና ወደ ኖርዝ ሴንት ፖል ወጡ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ የእኛ ሰዎች ከሱዳን መጠለያ፣ በኋላም ከአዲስ አበባ በቀጥታ መጡ። የቋንቋ ችግር ያለበት ወላጅ ለስብሰባ ሲጠራ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብለት የፌዴራሉ የሲቪል መብት ሕግ ያዛል፤ ያም ሆኖ አባቱ ስለ ራሱ ውጤት የሚጠይቀውን ለመምህሩ፣ መምህሩ የሚመልሰውን ለአባቱ እያቀባበለ የሚያስተረጕም ልጅ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የሐሪየት ቢሾፕን ተማሪ ሥራ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ቈይቶ የሚሠራው እርሱ ነው።

ስለ ትምህርቱ ራሱ ጥቂት ልናገር። በእኛ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዕድል የሚቈረጠው በመጨረሻው ዓመት በሚቀመጠው አንድ ፈተና ነበር፤ እዚህ ግን ተማሪው ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ክሬዲት እያጠራቀመ ይሄዳል። ክፍለ ሀገሩ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 21.5 ክሬዲት ሲሆን፣ ከእነዚህም 4ቱ እንግሊዝኛ፣ 3ቱ ሒሳብ፣ 3ቱ ሳይንስ፣ 3.5ቱ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ የዜግነትና የኢኮኖሚ ትምህርት ናቸው፤ ከቀረው የሚበዛው በተማሪው ምርጫ ይሞላል፤ ሙዚቃውም፣ ብረት መበየዱም፣ ኮምፒዩተሩም በዚያ ይገባል። በ1985 በአገረ ገዥ ሩዲ ፐርፒች ዘመን የወጣው ሕግ ደግሞ፣ የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ኮሌጅ ገብቶ እንዲማር፣ የኮሌጁንም ክፍያና መጽሐፍ መንግሥት እንዲችልለት ፈቀደ፤ በአገሪቱ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከሜፕልዉድ በቅርብ ርቀት በኋይት ቤር ሌክ ያለው ሴንቸሪ ኮሌጅ በዚህ መንገድ የሚመጡ ብዙ ወጣቶችን ያስተናግዳል። አንድ አባት ማታ ታክሲ እየነዳ፣ እናት በአረጋውያን ማረፊያ እየሠራች፣ ልጃቸው በ18 ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት በአንድነት ይዞ ሊወጣ የሚችለው በዚህ ሕግ ነው።

የተማሪውን ኑሮ ማየት የሚፈልግ ሰው በጃንዋሪ ጎሕ ሳይቀድ ከአንድ መንገድ ዳር ይቁም። ወጣቶቹ ስልካቸው ፊታቸውን እያበራላቸው፣ ብዙዎቹ እናቶቻቸው የገዙላቸውን ወፍራም ካፖርት ትተው በስስ ሹራብ፣ ጫማቸው በረዶውን እያንኮሻኮሸ ይጠብቃሉ። ቢጫው አውቶቡስ ሲደርስ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ የቁም ምልክቱ ከጎኑ ይዘረጋል፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ሁሉ ሕግ ነውና ይቆማል። ብርዱ እጅግ ከባድ ሲሆን ትምህርት ይዘጋል፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ በመላው ሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ዋሉ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሕንፃው ዐዲስ ነፍስ ይዘራል፤ በአንድ ወገን ቅርጫት ኳስ፣ በአንድ ወገን የኦርኬስትራ ልምምድ፣ በሌላው የቴአትር ጥናት፤ የኖርዝ ልጆች በዋልታ ድብ፣ የታርታን ልጆች በታይታን ስም ተጠርተው አንዱ ወረዳ በራሱ ላይ ተከፍሎ ይፎካከራል። ለዚህ ሁሉ ምሽት የቤት መኪና የሌለው ልጅ መመለሻ ያጣል፤ የብዙ ወገኖቻችን ልጆች ከኳሱና ከቴአትሩ የሚቀሩት ፍላጎት አጥተው ሳይሆን በዚህ ችግር መሆኑን አስተዳዳሪዎቹ ቢያስቡበት መልካም ነበር።

በ1999 በኮሎራዶ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ከተፈጸመው ግድያ በኋላ፣ ለሁሉ ክፍት የነበረው መግቢያ ተለወጠ፤ ዛሬ ጎብኚ በመጀመሪያው በር ገብቶ በሁለት በሮች መካከል ቆሞ፣ በመስኮት መታወቂያውን ሰጥቶ፣ ስሙ ከታተመ በኋላ ነው ሁለተኛው በር የሚከፈትለት። ልጁን የወደደ ወላጅ ይህን አይቃወምም፤ ሆኖም ሲያዩት ልብ ያዝናል። በ2014 የወጣው የቋንቋ ሕግ ደግሞ ለእኛ ልዩ ትርጕም አለው፤ ተማሪው በእንግሊዝኛም በሌላ ቋንቋም ብቁ መሆኑን በፈተና ካሳየ፣ ያንን የሚመሰክር ማኅተም ይሰጠዋል፣ የሚኒሶታ መንግሥት ኮሌጆችም ክሬዲት ይቈጥሩለታል። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ በሰንበት ፊደል የቈጠረች፣ ከእናቷም ጋር በአማርኛ የምታወራ ልጅ፣ ያ ዕውቀቷ ከፈረንሳይኛና ከስፓኒሽ እኩል በመንግሥት መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት መንገድ ተከፈተላት።

በ2022 የ622 ወረዳ በሜፕልዉድ የከፈተውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዳኛ አለን ፔጅ ስም ሰየመው፤ እርሱም በ1971 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ፣ እየተጫወተ ሕግ ያጠና፣ ከ1993 እስከ 2015 በሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቍር ዳኛ ነው። በማርች 17 ቀን 2023፣ ዐቢይ ጾም ተይዞ ሳለ፣ ቀድሞ በማንካቶ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረው አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ የተማሪ ሁሉ ቁርስና ምሳ ያለ ክፍያ እንዲሆን በሕግ ፈረመ፤ የደሃውን ልጅ ከሀብታሙ ልጅ በምግብ መስመር ላይ የሚለየው ወረቀትም ቀረ። በኋይት ቤር ሌክም በ2019 ሕዝቡ በድምፁ የፈቀደው የ326 ሚሊዮን ዶላር ብድር በሁለት ግቢ ተከፍሎ የነበረውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2024 በአንድ ሰፊ ሕንፃ ሰበሰበው።

በመጨረሻ ልተርከው የሚገባው የአንዲት የታርታን ተማሪ ነገር ነው። ስሪ ኤም ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ይሠራቸው የነበሩት፣ በተፈጥሮ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች ቈሻሻ በኦክዴልና በአካባቢዋ ተቀብሮ ወደ ጕድጓድ ውኃ መግባቱ ከታወቀ በኋላ፣ የሚኒሶታ መንግሥት ኩባንያውን በ2010 ከሰሰ፤ ክርክሩም በፌብሩዋሪ 2018 በ850 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በታርታን የተማረችው አማራ ስትራንድ በ15 ዓመቷ እምብዛም የማይታይ የጉበት ካንሰር ተገኘባት። ለሕመሟ ምክንያቱ ይህ ውኃ መሆኑን ፍርድ ቤት አልወሰነም፤ እርሷ ግን ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በ2023 መጀመሪያ፣ በሴንት ፖል በክፍለ ሀገሩ ሸንጎ ኮሚቴዎች ፊት እየቀረበች፣ ኬሚካሎቹ ከቤት ዕቃ እንዲወጡ መሰከረች፤ ጠበቆቹና የኩባንያዎች ወኪሎች በተቀመጡበት አዳራሽ፣ ደክሟትም ቢሆን፣ ቃሏን ራሷ ተናገረች። በኤፕሪል 14 ቀን 2023፣ በእኛ ዘንድ ስቅለት በዋለበት ዕለት፣ 21 ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀን ሲቀራት ዐረፈች። በሚቀጥለው ወር የተፈረመው ሕግ በስሟ ተጠራ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮም እነዚህ ኬሚካሎች ሆን ተብሎ የተጨመሩባቸው ዐሥራ አንድ ዓይነት ሸቀጦች፣ ምንጣፍና መጥበሻ፣ መዋቢያና የጥርስ ክር፣ የሕፃናት ዕቃ፣ ተማሪዎች በክረምት የሚወዳደሩበት የበረዶ መንሸራተቻ ሰም ሳይቀር፣ በሚኒሶታ እንዳይሸጡ ተከለከሉ።